የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ አባላቱ በእውነት የሚወስኑበት እንዲሆን እንዴት ይዘጋጃል?

በሥራ ቦታ የሚቋቋም የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በአገራችን አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የራሳቸውን የመሠረቱት በ1950ዎቹ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበሩን የመጨረሻ ሥልጣን ለጠቅላላ ጉባኤው የሚሰጥ ሲሆን፣ አንድ አባል የቱንም ያህል ዕጣ (በማኅበሩ ካፒታል ውስጥ ያለው ድርሻ) ቢይዝ ድምፁ አንድ ብቻ ነው። ያም ሆኖ አባላት ያላዩትን ሪፖርት በጭብጨባ የሚያጸድቁበት ጉባኤ ጥቂት አይደለም፤ ስለዚህ ትልቁ ሥራ ከስብሰባው በፊት ያለው ነው።

በመጀመሪያ የሥራ አመራር ኮሚቴው ረቂቅ አጀንዳውን ከሦስት ሳምንት በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ አባላትም የራሳቸውን ነጥብ የሚያስገቡበት ቀን ይወሰን።

ቀጥሎ ሒሳቡ ማንም በሚረዳው ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይታደል፦ ምን ያህል ተቆጠበ፣ ምን ያህል ተበደረ፣ ውዝፉ (በጊዜው ያልተመለሰው ብድር) ስንት ነው፣ ለሥራ ማስኬጃስ ምን ወጣ? ደንብ የሚለውጥ ሐሳብ ካለ ውጤቱ በቁጥር ይታይ። ለምሳሌ የብድር ጣሪያው ከቁጠባ ሦስት እጥፍ ወደ አራት እጥፍ ይደግ ከተባለ፣ 20,000 ብር የቆጠበ አባል በ60,000 ፋንታ 80,000 ብር መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ካዝናው ያው በመሆኑ የብድር ወረፋው ይረዝማል። አባሉ ይህን አስቀድሞ ካወቀ በየሥራ ክፍሉ ተወያይቶበት ይመጣል፤ በፈረቃ ምክንያት መገኘት የማይችሉትም ሐሳባቸውን በጽሑፍ ይልካሉ።

በዕለቱ ምልዓተ ጉባኤው (ለመወሰን መገኘት ያለበት የአባላት ቁጥር) መሟላቱ ተረጋግጦ ይጀመር። የቁጥጥር ኮሚቴው ሪፖርቱን ለብቻው ያቅርብ፤ የሥራ አመራሩ ሪፖርት በሚመረመርበት ጊዜም መድረኩን ከኮሚቴው ውጭ የሆነ አባል ይምራ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች አባላት ከሆኑ የመናገር መብታቸው እንደማንም ነው፤ ሆኖም አለቃው አስቀድሞ አቋሙን ከገለጸ በኋላ የጥበቃ ሠራተኛው ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ተቃውሞ ለማሰማት ስለሚከብዳቸው፣ ሰብሳቢው ዕድሉን በቅድሚያ ለእነርሱ ይስጥ። የኮሚቴ ምርጫ በምስጢር ድምፅ ይካሄድ፤ ቆጠራው ደግሞ በሁሉም ፊት ይሁን።

በመጨረሻ ጸሐፊው እያንዳንዱን ውሳኔ ከድጋፍ፣ ከተቃውሞና ከድምፀ ተአቅቦ ቁጥሩ ጋር ጉባኤው ሳይበተን ያንብብ፤ ፈጻሚውና የሚፈጸምበት ቀንም በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ከሦስት ወር በኋላ የቁጥጥር ኮሚቴው ውሳኔዎቹ የደረሱበትን ደረጃ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለአባላት ያሳውቅ።