የመንግስት ጨረታ ለማሸነፍ ከአማካሪ ጋር እንዴት እንደሚሰራ

ጨረታ የወደቀ ድርጅት መጀመሪያ የሚለው "ዋጋችን በዝቶ ነው" ነው። እኔ በዚህ ስራ ስቆይ ያየሁት ግን ሌላ ነው፣ ብዙዎቹ የዋጋ ፖስታቸው ሳይከፈት ነው የሚወድቁት፣ አንዱ ፎርም ሳይፈረም ይገባል፣ የአንዱ የጨረታ ማስከበሪያ (ከጨረታው ጋር የሚያዝ ዋስትና) የሚቆይበት ጊዜ የጨረታ ሰነዱ ከጠየቀው በሁለት ቀን ያንሳል፣ ሌላው ኦሪጅናልና ኮፒ ብሎ ሳይለይ ያሽጋል። በጣም ያናድዳል፣ ምክንያቱም ስራውን ቢሰጧቸው ጥሩ አድርገው የሚሰሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አማካሪ ከመቅጠራችሁ በፊት ምን እንደምታሰሩት እወቁ።

1. አማካሪውን ራሱን ፈትኑት

"እዛ መስሪያ ቤት ሰው አለኝ" ብሎ ወሬ ከጀመረ እዛው ተሰናበቱት። የአሜሪካ የፌደራል ግዢ ህግ ለምሳሌ በሰው በሰው ኮንትራት አስገኝቶ ፐርሰንት የሚበላን ሰው ይከለክላል፣ አሸናፊው ድርጅት እንደዛ አይነት ሰው አልቀጠርኩም ብሎ በውሉ ላይ ቃል ይገባል፣ ከተገኘ መንግስት ውሉን ማፍረስ ይችላል። ሌላው ጥያቄ፦ የዚህን ጨረታ ስፔሲፊኬሽን (የሚገዛው ነገር ዝርዝር መስፈርት) ወይም ቲኦአር (የስራው ዝርዝር መግለጫ) ስታዘጋጅ ነበር ወይ? ከነበረ የጥቅም ግጭት ነው፣ እሱን ይዛችሁ ብትገቡ እናንተም ልትሰረዙ ትችላላችሁ። ነፃ ለሆነ ነገርም አትክፈሉ። የአሜሪካው የአቅራቢዎች መመዝገቢያ ሳም ዶት ገቭ ምንም አያስከፍልም፣ ግን እናስመዝግባችሁ ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ ድርጅቶች ሞልተዋል።

2. የወደቃችሁባቸውን ፋይሎች ስጡት

ያሸነፋችሁትን ብቻ አታሳዩት፣ የወደቃችሁባቸውን ሶስት አራት ጨረታዎች ከነደብዳቤያቸው ስጡት፣ በሽታው ያለው እዛ ውስጥ ነው።

3. የማትገቡበትን ጨረታ ምረጡ

ጥሩ አማካሪ ብዙ ጊዜ "ይሄን ተዉት" ይላል፣ ክፍያውን የሚያገኘው እዚህ ጋር ነው ብዬ አምናለሁ። የተጠየቀውን ዓመታዊ ተርንኦቨር (የዓመት ጠቅላላ ሽያጭ) አላችሁ ወይ፣ ተመሳሳይ ስራ ሰርታችሁ የምታሳዩት ማስረጃ አለ ወይ፣ ክፍያው ቢዘገይ በራሳችሁ ገንዘብ ስንት ወር ትቆያላችሁ? ከነዚህ አንዱ ካልሞላ ለብቻችሁ አትግቡ፣ ህጉ ከፈቀደ ከሌላ ድርጅት ጋር ተጣምራችሁ በጆይንት ቬንቸር ግቡ፣ ያም ካልሆነ እለፉት።

4. ሰነዱን በትኑት

ዋናው ስራ ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። የጨረታ ሰነዱን ከመጀመሪያ ገፅ እስከ መጨረሻ አንብባችሁ "አለበት" "ማቅረብ ይኖርበታል" "ካልሆነ ውድቅ ይሆናል" የሚል ዓረፍተ ነገር ሁሉ አውጥታችሁ ኤክሴል ላይ አስቀምጡ፣ በአንዱ ኮለም የተጠየቀው፣ በሌላው ሰነዱ ላይ ያለበት ገፅ፣ ከዛ ማን እንደሚያዘጋጀው፣ መቼ እንደሚደርስ፣ በመጨረሻ በኛ ፕሮፖዛል ስንተኛ ገፅ ላይ እንዳለ። አባሪውንም አትዝለሉ፣ በኋላ የመጣ ማሻሻያ ካለ እሱንም ጨምሩ፣ ማስከበሪያው የሚቆይበት ቀን በማሻሻያ ተቀይሮ ሳያዩት የቀሩ ስንት አሉ። ያልገባችሁን የማብራሪያ መጠየቂያው ቀን ሳያልፍ በፅሁፍ ጠይቁ፣ መልሱ ለሁሉም ተጫራች ስለሚላክ ግን ስልታችሁን የሚያሳይ ጥያቄ አትፃፉ።

5. የምትፅፉት ለነጥቡ ነው

ገምጋሚው እጁ ላይ የነጥብ መስጫ ወረቀት አለ፣ የናንተም ርዕሶች በዛው ቅደም ተከተል ይሁኑ፣ እንዳይፈልግ። የድርጅት ታሪክ ሃያ ገፅ ምንም አያመጣም።

የአማካሪነት አገልግሎት ግዢ ላይ ለምሳሌ ቴክኒካሉ (የስራ አቀራረባችሁና ብቃታችሁ) ከመቶ 70 ዋጋው 30 ሊይዝ ይችላል። እስቲ አስሉት፦ አንዱ በቴክኒካል 90 አግኝቶ ዋጋው 120 ነው፣ ሌላው 75 አግኝቶ ዋጋው 100 ነው። ዝቅተኛው ዋጋ 100 ነጥብ ያገኛል፣ ሌላኛው ደግሞ 100 ለ120 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 83.3። የቴክኒካሉን 70 በመቶ ከዋጋው 30 በመቶ ጋር ስትደምሩ 88 ለ82.5 ይመጣል፣ በ20 በመቶ የተወደደው አሸነፈ ማለት ነው። እቃና ግንባታ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ መስፈርቱን ካሟሉት መሃል የረከሰው ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሳታዩ ዋጋ አትቁረጡ። ለማሸነፍ ብላችሁ ከወጪ በታች ከገባችሁ ደግሞ ስትሰሩት ነው የሚያከስራችሁ።

6. ስትወድቁ ምክንያቱን ጠይቁ

ዝም ብሎ መሄድ ትልቅ ጥፋት ነው። በአለም ባንክ በሚደገፉ ትልልቅ ግዢዎች የአሸናፊ ማሳወቂያው ከደረሳችሁ በ3 የስራ ቀን ውስጥ ማብራሪያ ከጠየቃችሁ ገዢው መስሪያ ቤት የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ውል የማይፈረምበት የመጠበቂያ ጊዜም 10 የስራ ቀን ነው። ሌሎች ህጎችም የራሳቸው ቀን አላቸው፣ ብዙ ጊዜ አጭር ስለሆነ አስቀድማችሁ ካላንደር ላይ ፃፉት።

7. ካሸነፋችሁ አማካሪውን ወዲያው አታሰናብቱ

የመንግስት ውል ላይ ቀጣዩን ጨረታ የሚያሸንፍላችሁ የአሁኑ አሰራራችሁ ነው። በየሳምንቱ ሶስት ነገር ተከታተሉ፦ ከፕሮግራሙ ስንት ቀን እንደዘገያችሁ፣ የቀረበ ግን ያልተከፈለ ክፍያ፣ መልስ ያላገኘ ደብዳቤ። መዘግየቱ የመጣው ከአሰሪው ከሆነ ውሉ በሰጠው ቀን ውስጥ በደብዳቤ አሳውቁ፣ በስልክ "ነግረናቸዋል" የሚባለው የመዘግየት ቅጣት ሲቆረጥባችሁ አያድንም። የመልካም ስራ አፈፃፀም ደብዳቤውንም ርክክቡ በተፈረመበት ሳምንት ጠይቁ፣ የውሉን መጠን፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን የሚጠቅስ ይሁን፣ ዓመት ቆይታችሁ ብትሄዱ ስራውን የሚያውቀው ኢንጂነር ተቀይሮ ፋይል ፍለጋ ነው የምትውሉት።