ቮልስ ሲታነቅ ወደ ብሎኗ አትሩጡ፦ አየርና ቤንዚን ስናመጣጥን የምንሠራቸው ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ቮልስ ያለው ሰው ካቻቢቴ ከመኪናው አይለይም። ጠዋት አልነሳ ስትል፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትጠፋ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ስትታነቅ፣ ኋላዋ ይከፈትና አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ትዞራለች። እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። መኪናዋ የአባቴ ነበረች፤ ባለ 1600 ሞተር። ከእሷ ጋር ስኖር የገባኝ አንድ ነገር አለ። «ካርቡሬተር ነው» ከምንለው ችግር ውስጥ ብዙው የአየር ችግር ነው። አየሩ ወይ በማይገባው በኩል ይገባል፣ ወይ ሳይጣራ ይገባል።

ከካርቡሬተር መጀመር

ካርቡሬተር የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ ቫልቩ ሬጂስትሮ ይደረግ፣ ማለትም ክፍተቱ ይስተካከል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት፤ ክፍተቱ ለአብዛኞቹ የቮልስ ሞተሮች 0.15 ሚሊሜትር ነው። ቀጥሎ ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እየቆረጠ እሳት የሚያስነሳው መገናኛ)፣ ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ። ከዚያ ታይሚንግ፣ ማለትም እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ። ፑንቲናው የተበላ ሞተር ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው አዟዟር) ላይ አይረጋም። እሱን ትታችሁ ብሎን ብታዞሩ አንዱን ጥፋት በሌላ ጥፋት ሸፈናችሁ ማለት ነው።

ካንዴላዎቹንም (እሳት ሰጪዎቹን) ፈትታችሁ እዩ። ጫፋቸው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ አየሩ በዝቷል፤ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። ቮልስ ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ሲብስም ቫልቭ ያቃጥላል።

በስርቆሽ የሚገባውን አየር አለመፈለግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። የእኔዋ ሚኒሞዋ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫዋ) ይተኩሳል። አንድ ጋራዥ ወስጄ ጄቶቹ (መጠኑን የሚወስኑት ትንንሽ ቀዳዳዎች) ተቀየሩ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ጋራዥ ካርቡሬተሩ ታጠበ፤ ያው ናት። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ካቻቢቴ እንኳን አላነሱም። የነዳጁ ገመድ የሚስበውን ዘንግ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወዘወዙት።

«ይታይሃል ልጄ? እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ብሎኗ ምን ታድርግ?»

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ቶርኖ ቤት ወስደህ ቡሺንግ አስገባበት። ከዚያ ና፣ እናስተካክለዋለን።»

እንዳሉት ሆነ። ዘንጉ የሚዞርበት ቀዳዳ ተበልቶ ሰፍቶ ነበር፤ ቡሺንግ የሚባለው ቀለበት አጠበበው። ቀዳዳው በሰፋ ጊዜ በዚያ በኩል ያልተለካ አየር ይገባል፤ ደግሞ እንደ ዘንጉ አቀማመጥ አንዴ ብዙ አንዴ ትንሽ ነው። ብሎኗን ዛሬ ብታስተካክሉት ነገ ይዛባል።

ሌሎቹ የስርቆሽ መግቢያዎች እነዚህ ናቸው። ካርቡሬተሩ የተቀመጠበት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)። ማኒፎልዱ (ቅልቅሉን ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ) ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) የሚገናኝበት ቦታ። ወደ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው) የምትሄደው ቀጭን ቱቦ። ለእያንዳንዱ ቴስታታ ሁለት የአየር መግቢያ ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ማኒፎልዱን የሚያያይዙት ጎማዎች። እነዚህ ጎማዎች በሞተሩ ሙቀት ይደርቁና ይሰነጠቃሉ። ከላይ ሲያዩአቸው ደህና ይመስላሉ፤ ስንጥቁ ከታች ነው። በመስታወት እዩት።

ለመፈተሽ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ በየመጋጠሚያው ትንሽ ውሃ በመርጫ እርጩ። ድምፁ ከተለወጠ አየሩ በዚያ ነው የሚገባው። የኤሌክትሪኩን አካባቢ አታርጥቡ። ቤንዚን እያንጠባጠቡ የሚፈትሹ አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የጋለ ማርሚታ እዚያው ስር ነው፤ መኪናዋ ዓይናችሁ እያየ ትቃጠላለች።

ሌላም አለ። አየር ገባ ብላችሁ የካርቡሬተሩን ዳዶዎች ከመጠን በላይ አታጥብቁ። እግሩ ለስላሳ ብረት ነው፣ ይጣመማል። ከተጣመመ በኋላ አዲስ ጓርኒሲዮንም አይዘጋውም።

የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ መጣል

«ቮልስ ብዙ አየር ይፈልጋል» ተብሎ ትልቁ ጥቁር ማጣሪያ ይወጣል። በቦታው ትንሽ ስፖንጅ ይገባል፤ አንዳንዱ ባዶውን ይነዳዋል። በዚህ ነገር ልቤ ያዝናል። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት። እነዚያ የነፋስ ተርባይኖች ኮረብታው ላይ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋ ያ ነፋስ አቧራውን ይዞ ነው የሚመጣው። አቧራው ሲሊንደር ውስጥ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

የድሮው ማጣሪያ ሥር ዘይት አለው። አየሩ ወደ ዘይቱ ይወርድና በድንገት ወደ ላይ ይታጠፋል። ከባዱ አቧራ መታጠፍ ስለማይችል ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። የተረፈውን በዘይት የራሰው መረብ ይይዘዋል። መግዛት አያስፈልግም፤ ማጠብና ዘይቱን መቀየር ብቻ ነው። ስትሞሉት ግን ከምልክቱ አታሳልፉ። ከበዛ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል። ስታወጡትም ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ካዘነበላችሁት ዘይቱ ይፈሳል።

የተሳሳተውን ብሎን ማዞር

በ34 ፒክት 3 ካርቡሬተር ላይ ሚኒሞ የሚስተካከለው በነዳጁ ዘንግ ላይ ባለው ብሎን አይደለም። እሱ ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን አየሩን የሚያጠበው ክዳን) ደረጃውን ጨርሶ ሲወርድ ነክቶት ሩብ ዙር ብቻ ገባ ካለ ይበቃል። ከዚያ አይነካም። ሥራው በጎን ባሉት ሁለት ብሎኖች ነው። ትልቁ ፍጥነቱን ይወስናል፤ በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ። ትንሹ ቅልቅሉን ይወስናል። ቀስ አድርጋችሁ እስኪነካ አስገቡትና ሁለት ዙር ተኩል መልሱት፤ መነሻው ያ ነው። አጥብቃችሁ ከነከሳችሁት ጫፉ ይበላሻል። ከዚያ ሞተሩ ፈጥኖ እስኪረጋ ድረስ አውጡት፣ ትንሽ ዝቅ እስኪል መልሱት፣ በትልቁ እንደገና 850 ላይ አምጡት። በ30 ፒክት 1 ግን የዘንጉ ብሎን ራሱ ነው ሚኒሞውን የሚያስተካክለው። ስለዚህ ካርቡሬተሩ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳታነቡ አትጀምሩ።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ሞተሩ ሞቆ፣ ቾኩም ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ነው።

ጄት በሽቦ መጎርጎር

አይሆንም። ጄት በልክ የተበሳች ነሐስ ናት። ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋታል። በቤንዚን ታጥባ በአየር ትነፋ።

ከፍታን መርሳት

አዲስ አበባ ተስተካክላ የመጣች ቮልስ አዳማ ላይ ትለወጣለች። ከተማችን ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ አየሩም በዚያው ልክ ወፈር ይላል። ቤንዚኑ ግን ያው በዚያችው ጄት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቅልቅሉ ቀጠን ይላል፣ ማለትም ቤንዚኑ ያንሳል። የሚኒሞዋ ብሎን የምታስተካክለው ሚኒሞውን ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ በፍጥነት ስትሄዱ የሚሠራው ዋናው ጄት ነው። ደጋ ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ትንሽ ጄት ገብቶላት ከሆነ እዚህ መቀየር አለበት። ወደ አዋሽ ሰባት ለመውረድ ካሰባችሁ ደግሞ ይብሳል፤ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ብዙ አይርቅም፣ ሙቀቱም አለ። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ቀን ወደ ሞጆ ደርሳችሁ ተመለሱ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላዎቹን ፍቱ። ነጭ ካያችሁ ጉዞውን አቆዩት።