ሽሮ ሜዳ ለመገብየት፣ እንጦጦን ለማየት ለሚመጣ እንግዳ

ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ ከፍ ብሎ፣ ከተማው ተራራውን በሚጠጋበት ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኝ የሀገር ባህል ልብስ ገበያ ነው። ከአራት ኪሎ ወይም ከስድስት ኪሎ ታክሲ ይዘው እገበያው አፍ ላይ ይወርዳሉ፤ ከዚያው ደግሞ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ታክሲ ይገኛል። ገበያውንና ተራራውን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ብዙ እንግዳ መጀመሪያ ተራራውን ወጥቶ፣ ደክሞት፣ ሊመሽ ሲል ገበያ ይገባል፤ ያን ጊዜ ጨርቁን በቀን ብርሃን ማየት ስለማይችል ሻጩ ያለውን ተቀብሎ ይሄዳል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ገበያው ይድረሱ፣ ልብሱን ይምረጡ፣ ማሳጠር ወይም ማጥበብ ካስፈለገ ልክዎን ሰጥተው ለልብስ ሰፊው ይተዉት፣ ከዚያ ተራራውን ይውጡና ሲመለሱ ይረከቡ።

ከመግዛትዎ በፊት የሚገዙትን ይለዩ። ነጠላ ስስ ነው፤ ጋቢ በአራት ድርብ የሚሠራ የብርድ ልብስ ሲሆን ቡሉኮ ከእርሱም ይከብዳል። ሻጩን በቅድሚያ መጠየቅ ያለብዎት ክሩ በእጅ የተፈተለ ነው ወይስ የፋብሪካ የሚለውን ነው፤ የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። መልሱን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ፦ ጨርቁን ከሱቁ በር ወጣ አድርገው ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት በእንዝርት የተፈተለው ክር እዚህ ቀጠን፣ እዚያ ወፈር እያለ ይታያል፤ የፋብሪካው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ጥለቱንም ገልብጠው ይዩት። በሸማኔ እጅ የተሠራ ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ስለሆነ በጀርባው በኩልም ቀለሙ ደማቅ ነው፤ የታተመ ከሆነ ግን ጀርባው ፈዝዞ ያገኙታል።

የቀለሙ ነገር በተለይ ያሳስበኛል። በአንድ ወቅት ለእናቴ የገዛሁት ነጠላ ገና በመጀመሪያው እጥበት ቀይ ጥለቱ ለቅቆ ነጩን ሁሉ ሮዝ አደረገው፤ እርሷ ምንም ባትናገርም ለቤተ ክርስቲያን ለብሳው ሳትሄድ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሻጩን አስፈቅጄ፣ ነጭ መሐረብ በውኃ አርሼ፣ የጥለቱን ጠርዝ ሳላሽበት አልገዛም። መሐረቡ ቀለም ከያዘ ልብሱን ይመልሱት። የጥጥ ሸማ በውኃ ስለሚሰበሰብም ልብስ ሰፊው ቀሚሱን ሲያሳጥር ትርፉን ቆርጦ እንዳይጥለው፣ ወደ ውስጥ አጥፎ እንዲሰፋው ይንገሩት።

በዋጋ መከራከር ነውር የለውም፤ ሦስት አራት ሱቅ ዞረው ሳይጠይቁ ግን አይግዙ። «የመጨረሻውን ንገሪኝ፣ እህቴ» ብሎ በትሕትና የጠየቀ ከሚቆጣው ይልቅ ይቀናዋል። ከሻጩ ጀርባ ሸማኔው መኖሩንም አይርሱ። በአካባቢው ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ባለሙያዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መርገጫውን እያፈራረቀ፣ መወርወሪያውን በድሩ መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲያሳልፍ ለማየት ዕድል ካገኙ አያሳልፉት፤ አንድ ክንድ ጥለት ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ያየ ሰው እስከምን ድረስ መከራከር ተገቢ እንደሆነ ያውቃል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንደሚባለው፣ በዓሉ ሲቃረብ ገበያው መተላለፊያ ያጣል፣ ልብስ ሰፊዎችም ሥራ ይበዛባቸዋል። በእነዚያ ሳምንታት ልብሱ በዕለቱ ይደርሳል ብለው ተስፋ አያድርጉ። በትእዛዝ የሚሸመን ልብስ ደግሞ በማንኛውም ወቅት ቀናት ስለሚፈጅ አስቀድሞ መታዘዝ አለበት።

ቀብድ ከፍለው ደረሰኝ ወይም የሱቁን ስልክ ከያዙ በኋላ ወደ እንጦጦ ይውጡ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ የሚደረብ ልብስም ይያዙ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የከተሙት እዚህ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡትም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኑን፣ በግቢው ያለውን ሙዚየምና አጠገቡ የሚገኘውን የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥት ለማየት ጊዜ ይስጡ። ቤተ መንግሥቱ ከኋለኞቹ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነው፤ እኔን የሚማርከኝም ይኸው ቀላልነቱ ነው። ወር በገባ በ21 የማርያም በዓል፣ መስከረም 1 ደግሞ የእንጦጦ ራጉኤል ንግሥ ስለሆነ መንገዱ በምእመናን ይሞላል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ነጠላ ይልበሱ፣ ጫማዎንም ያውልቁ።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ በባሕር ዛፉ መካከል የእግር መንገዶችና ከተማዋን ቁልቁል የሚያሳዩ ቦታዎች አሉት። በክረምት ከሰዓት በኋላ ጉምና ዝናብ ስለሚበዛ ከ8 ሰዓት በፊት መውረድ ይሻላል። ገበያው ሲመለሱ ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ልብሱን እዚያው ይለኩት፤ ትከሻውና እጅጌው ካልተስተካከለ ልብስ ሰፊው አጠገብዎ እያለ ማስተካከል ይቀላል።