ጎንደርና ጎርጎራን ለሁለት፦ ሰዓቱን ለነፋሱ መተው

ጎርጎራን ከጎንደር ደርሶ መልስ በአንድ ቀን እናያለን ብለው የሚነሱ ጥንዶች ወደቡ ላይ የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ ጣና መናወጥ ሲጀምር ነው። ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን መኪናው እስኪሞላ፣ ቆላ ድባ ላይ አራግፎ እንደገና እስኪጭን፣ ጯሂትን እስኪያልፍ ረፋዱ ያልቃል። ስለዚህ ጎርጎራ እደሩ። ጀልባውን ለማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነጋገሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ላይ የደምቢያ ሜዳ ከውኃው ቀድሞ ይግላል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ወደ የብስ ይገባል። ጎርጎራ በሰሜኑ ዳርቻ ስላለች ያ ነፋስ የሚደርሳት ሰፊውን ውኃ አቋርጦ ነው። ጣና ስፋቱ ያስፈራል እንጂ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው፤ እንዲህ ባለ ውኃ ላይ ሞገዱ አጭርና ተከታታይ ይሆናል። ጀልባዋ ከአንዱ ሳትረጋ ሌላው ይደርስባታል። ከቀትር በፊት ወደቡ መመለስ የሚገባውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ጎንደር። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች በመጀመሪያው ቀን ሸክም ይዛችሁ አቀበት አትውጡ፤ ሻንጣውን ማረፊያችሁ አስቀምጡ። የሁለታችሁንም መታወቂያ ስለሚጠይቁ አንዱን ቤት አትርሱት። ፋሲል ግቢን በጠዋት ግቡ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡለት። የመግቢያውን ትኬት አትጣሉ፣ የፋሲል መዋኛም በእሱ ነው የሚታየው። ከዚያ ወደ ቁስቋም አቀበቱን ውጡ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በሌላ አቅጣጫ ስለሆነ ለማታው ባጃጅ ያዙ። በጥምቀት ሰሞን ከመጣችሁ አልጋ አስቀድማችሁ ካልያዛችሁ አይገኝም።

ሻንጣ ላይ ጥንዶች የሚሳሳቱት ሁሉንም ነገር ሁለት ሁለት በመያዝ ነው። የጥርስ ሳሙና አንድ፣ ቻርጀር አንድ፣ ፓወር ባንክ አንድ፣ ጋቢም አንድ ይበቃል፤ ጎንደር ሌሊት ይበርዳል፣ ጎርጎራ ግን ዝቅ ስላለች ትሞቃለች። አንዳችሁ ከ8 ኪሎ፣ ሌላችሁ ከ6 ኪሎ በላይ አትሸከሙ። ገንዘቡንና የመድኃኒት ከረጢቱን ግን ከሁለት ክፈሉ፤ አንድ ሻንጣ ቢጠፋ ወይም ቢርስ ሌላው ያድናል። ጥሬ ገንዘቡን ጎንደር ላይ አውጡ፣ ዝርዝሩም ይብዛ። ጃንጥላ በጀልባ ላይ ከንቱ ነው፣ ነፋሱ ይገለብጠዋል፤ አገጭ ላይ የሚታሰር ኮፍያ ይሻላል። ስልክና ልብስ በሁለት ፌስታል ደራርባችሁ አፉን ቋጥሩት። ጋቢውን ጀልባ ላይ አትውሰዱት፤ ከራሰ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፣ ክብደቱም እጥፍ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም መናኸሪያ ላይ ከሹፌሮች ጠይቁ፣ የዚያኑ ዕለት። ትናንት የሰማችሁት ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ኬላ ላይ መታወቂያው ከሻንጣ ሥር ሳይሆን ከኪስ ይውጣ፤ ጨለማም መንገድ ላይ አያግኛችሁ።

ጀልባ የሚከራየው በሰው ሳይሆን በሙሉው ነው። ሌሎች ሁለት ሰዎች ካገኛችሁ የእናንተ ድርሻ በግማሽ ይወርዳል። ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር ቁርጥ አድርጉ፦ የት የት እንደምትደርሱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ነዳጁ በዋጋው ውስጥ መሆኑን፣ ለሁለታችሁም የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን። ጃኬቱን ልበሱና ማሰሪያውን ሳቡት፤ ከተበጠሰ ሌላ አስመጡ። መጠባበቂያ ነዳጅ መያዙንም በዓይናችሁ እዩ። ስትቀመጡ አንዳችሁ በግራ አንዳችሁ በቀኝ፣ ሻንጣው መሃል ወለሉ ላይ። ጎን ለጎን ተጣብቆ ፎቶ መነሳት ካማራችሁ የብስ ላይ አድርጉት፣ ጀልባዋ ታዘነብላለች።

እምቦጭን አትርሱ። ይህ አረም የደምቢያን ዳርቻ ክፉኛ የያዘ ሲሆን ነፋሱ እንደ ምንጣፍ እየጠቀለለ ከቦታ ቦታ ይወስደዋል። ትናንት ክፍት የነበረ መውጫ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። ሥሩ ሞተሩ ላይ ከተጠመጠመ ባለጀልባው አጥፍቶ በእጁ ያጸዳዋል፤ ያኔ አትነሱ፣ አታስቸኩሉትም። ከሩቅ ሞገዱ ጫፉ ነጭ አረፋ ማውጣት ከጀመረና ባለጀልባው «እንመለስ» ካለ ክርክር የለም።

የት እንሂድ ለሚለው፣ ለጥንዶች አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ሴት ይገባበታል? ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ሴት አይገባበትም፤ አንዳችሁ ለመጠበቅ ካልተስማማችሁ በቀር ይቅርባችሁ። ደብረ ሲና ማርያም ግን ለሁለታችሁም ክፍት ናት፤ እዚያው ጎርጎራ ስለሆነች ጀልባም አትፈልግም፣ የግድግዳ ሥዕሎቿም ሰዓት ይገባቸዋል። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ይወልቃል። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 ከመቆርቆሯ በፊት አፄ ሱስንዮስ እዚህ አካባቢ ከትመው ነበር፤ የአሮጌው ጎርጎራ ፍርስራሽም ከወደቡ በስተምዕራብ ነው። ጠዋቱ ጸጥ ካለ ለጀልባው የሚገባው ጉዞ ይኸኛው ነው።

ውኃው ቢያስጎመጅም አትዋኙ፣ ቢልሃርዝያ አለበት። ደምቢያ የወባ አገር ነው፤ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ከሌለ የራሳችሁን ዘርጉ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሜዳው በጎርፍ ስለሚጥለቀለቅ ከጥቅምት እስከ የካቲት ይመረጣል።

ነፋሱ ገና በጠዋት ከተነሳ ጀልባውን ለማግስቱ አዛውሩትና ደብረ ሲናን እዩ። ምሳ ላይ ቀረሶ ጥብስ እዘዙ፤ አሳው የዕለቱ መሆኑን ለማወቅ ከመጠበሱ በፊት አምጥተው ያሳዩአችሁ፣ ዓይኑ ጠርቶ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ቀይ ከሆነ ይጠበስ።