በመዝናኛ መርከብ ላይ የመጠጥ ፓኬጅ ያዋጣ እንደሆነ እንዴት ይሰላል?

ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች ወላጆቻቸውን ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ ወይም ከባሕር ዳር ወስደው በመዝናኛ መርከብ ሊያንሸራሽሯቸው ሲነሡ፣ ከትኬቱ ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ ከሚጠይቁት ነገሮች አንዱ የመጠጥ ፓኬጅ ነው። ፓኬጁ ለእያንዳንዱ የጉዞ ቀን የተወሰነ ዶላር አስቀድሞ በመክፈል፣ በመርከቡ ላይ ካሉት ቡና ቤቶች በየብርጭቆው ሒሳብ ሳይከፍሉ ለመጠጣት የሚያስችል ውል ነው። በቤተሰባችን ይህን ሒሳብ የማወጣው እኔ ስለሆንሁ ፍርዴን ከመነሻው እናገራለሁ፤ ረቡዕንና ዓርብን ለሚጾም፣ በተለይም የሚጠጣውንና የማይጠጣውን በአንድ ክፍል ለሚያሳድር ቤተሰብ፣ የአልኮሉ ፓኬጅ አያዋጣም። የሚያዋጣቸው ሰዎች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ ይሁን እንጂ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለየው ወረቀትና እርሳስ ተይዞ ሲሰላ ነው።

በመጀመሪያ በነፃ የሚቀርበውን ለይተው ይያዙ። በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ ውኃ፣ ሻይ፣ ተራ የተፈላ ቡና፣ የሎሚ ጭማቂና የቁርስ ሰዓት ጁስ በራስ አንሺ ምግብ አዳራሹ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የሚያስከፍሉት ለስላሳ፣ የታሸገ ውኃ፣ በማሽን የሚፈላ ማኪያቶና መሰሎቹ፣ እንዲሁም አልኮል ናቸው። ከጀበና ቡና ጋር ያደገ ሰው የነፃው ቡና ስለሚቀጥንበት ገንዘብ የሚያወጣው ከቢራ ይልቅ በማኪያቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ማኪያቶውን በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት አይዘንጉ። እንደ ሪጀንት፣ ሲልቨርሲና ሲቦርን ባሉት ውድ መርከቦች ላይ መጠጡ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ ስለተካተተ፣ በእነዚህ የሚሄድ ሰው ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የፓኬጁን እውነተኛ ዋጋ ያውጡ። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው የአንድ ቀን፣ የአንድ ሰው ዋጋ ሲሆን፣ ባሕር ዳር ሆቴል ገብቶ ከምግቡ ዋጋ በላይ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመርበት ያየ ሰው በቀላሉ እንደሚረዳው፣ የአገልግሎት ክፍያ ገና ይታከልበታል፤ ይህም ሮያል ካሪቢያን በተባለው የመርከብ ድርጅት 18 በመቶ፣ ኖርዌጂያን በተባለው ደግሞ 20 በመቶ ነው። ዋጋው ከመርከብ መርከብ፣ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ለምሳሌ ያህል ፓኬጁ በቀን 80 ዶላር ነው እንበል። 18 በመቶ ሲታከልበት 94 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ ለሰባት ቀን 660 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል፤ ለባልና ሚስት ደግሞ ከ1,300 ዶላር በላይ ነው። ያለ ፓኬጅ በሚገዛው እያንዳንዱ ብርጭቆ ላይም ተመሳሳይ የአገልግሎት ክፍያ ስለሚጨመር፣ ንጽጽሩን ለመሥራት ሁለቱንም ሳይጨምሩ፣ የፓኬጁን የማስታወቂያ ዋጋ በመጠጡ የዝርዝር ዋጋ ማካፈል ይበቃል። አንድ ቢራ 8 ዶላር ከሆነ 80 ለ8 ሲካፈል 10 ይመጣል፤ ፓኬጁ የሚያዋጣው በቀን ከ10 ቢራ በላይ ለሚጠጣ ሰው ነው ማለት ነው። ኖርዌጂያን እንደሚያደርገው ፓኬጁ ከትኬቱ ጋር «በነፃ» ተብሎ ሲሰጥም፣ የአገልግሎት ክፍያው በፓኬጁ ሙሉ ዋጋ ላይ ተሰልቶ ይጠየቃል፤ ስለዚህ «ነፃ» የሚለውን ቃል አይተው ማስላቱን አይተዉት።

እስከዚህ ያለውን ማንም ይሠራዋል። ሒሳቡ የሚበላሸው ብዙ ሰው ሰባቱንም ቀን እኩል አድርጎ ሲቆጥር ነው፤ ስለዚህ የጾም መቁጠሪያውን ከጉዞው ቀን ጎን ያስቀምጡ። በማናቸውም ተከታታይ ሰባት ቀናት ውስጥ አንድ ረቡዕና አንድ ዓርብ አይቀሩም፤ የመርከብ ድርጅት ደግሞ ያልተጠጣበትን ቀን ከሒሳቡ አይቀንስም። ፓኬጁ የሚሸጠው ለጉዞው ሁሉ በመሆኑ አምስት ቀን ብቻ መርጦ መግዛት አይቻልም። በጾም ቀን አልኮል የማይቀምስ ሰው የአገልግሎት ክፍያው ሳይታሰብ ለሰባት ቀን የከፈለውን 560 ዶላር የሚያወራርደው በአምስት ቀን ነው፤ ይህም ለእያንዳንዱ የመጠጫ ቀን 112 ዶላር፣ በቢራ ሲመነዘር በቀን 14 ቢራ ይሆናል። ካርኒቫል የተባለው የመርከብ ድርጅት በፓኬጁ የሚፈቅደው የአልኮል መጠጥ በ24 ሰዓት ውስጥ 15 ብቻ መሆኑን ሲያስቡት፣ ሰውየው ከኪሳራ ለመዳን ብቻ ወደ ተከለከለው ወሰን መጠጋት ሊኖርበት ነው። ይህን ያህል መጠጣት ለማንም ጤና አይበጅም፤ የተከፈለበት ነው በሚል ብቻ አንድ ተጨማሪ ብርጭቆ የሚያስነሣ ውል ለአባትና ለእናት የሚገዛ ስጦታ ነው ብዬ አላምንም።

ረቡዕና ዓርብ ገና መጀመሪያው ነው። ልጆች ወላጆቻቸውን ይዘው ለመጓዝ የሚመርጡት ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ነሐሴን ሲሆን፣ ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ገብቶ እስከ 15 ስለሚዘልቅ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 21 በሚደረግ ጉዞ ላይ ለሚጾም ሰው የአልኮል ፓኬጅ መግዛት ገንዘብን ባሕር ውስጥ መጣል ነው። የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ዕረፍትም በጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃል፤ ይህ ጾም ኅዳር 15 ተጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ድረስ ይቆያል። ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። በእነዚህ ጊዜያት ለስላሳም ሆነ ውኃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይቀምሱ እናቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለእነርሱ የመጠጫው ቀን ወደ ግማሽ ቀን ይወርዳል። በአንጻሩ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ፣ ፓኬጅ ለመግዛት የቆረጠ አማኝ ጉዞውን ከዚህ ወቅት ቢያደርገው ቢያንስ የከፈለባቸው ቀናት ሁሉ የእርሱ ይሆናሉ።

መርከቡ ወደብ ላይ የሚቆምባቸውን ቀናትም ይቀንሱ። ሰው ጠዋት ወርዶ ማታ በሚመለስበት ቀን በመርከቡ ላይ የሚጠጣው የምሽቱን ብቻ ነው።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር የክፍሉ ደንብ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ከከፈለ በኋላ የሚያውቀውም ይህንኑ ነው። በሮያል ካሪቢያንና በካርኒቫል ደንብ መሠረት፣ በአንድ ክፍል ከሚያድሩት አዋቂዎች አንዱ የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ፣ ዕድሜያቸው ለመጠጥ የደረሰ ሌሎቹም እንዲገዙ ይገደዳሉ፤ ይህ ዕድሜ ከአሜሪካ በሚነሡ መርከቦች 21 ነው። የደንቡ ዓላማ አንዱ ገዝቶ ለሁለት እንዳይጠጡ መከላከል ነው። በዚህ ምክንያት ጠላ እንኳ አፏ የማይገባ እናት ከሚጠጣ ልጇ ጋር ስታድር፣ የቀኑ 80 ዶላር 160 ይሆናል፤ ወጪውን ልጁ ብቻውን በ8 ዶላር ቢራ ለማካካስ በቀን 20 መጠጣት ሊኖርበት ነው፤ ይህም ካርኒቫል ከሚፈቅደው በላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ከእናቱ ጋር አንድ ክፍል ይዞ ፓኬጁን በኢንተርኔት ሲገዛ፣ ሥርዓቱ የእናቱንም አብሮ ደመረበት። መርከቡ ላይ ወጥቼ አስረዳለሁ ብሎ ተወው፤ ከተሳፈረ በኋላ ግን የሁለቱን ነጣጥለን መሰረዝ አንችልም የሚል መልስ ተሰጠው። አክስቴ በጉዞው ሁሉ የጠጣችው በነፃ የሚቀርበውን ሻይና ውኃ ነው።

ስለዚህ ክፍል ሲያዝ፣ ፓኬጅ ከመገዛቱ በፊት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር ይወስኑ። የሚጠጡት አንድ ላይ ይደሩ፤ እናት ከማይጠጣ የቤተሰብ አባል ጋር ወይም 21 ዓመት ካልሞላት የልጅ ልጃቸው ጋር ይደሩ። ይህ ክፍፍል ከማናቸውም የቅናሽ ማስታወቂያ የበለጠ ገንዘብ ያድናል፤ የምመክረውም በእርግጠኝነት ነው። ክፍሉን መቀየር ካልተቻለ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ወደ ድርጅቱ ስልክ ይደውሉና አንደኛዋ በሃይማኖት ወይም በጤና ምክንያት አልኮል እንደማትጠጣ ገልጸው፣ አልኮል የሌለውን ፓኬጅ ብቻ እንድትይዝ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ። ፈቃዱ ከተገኘም በጽሑፍ ይቀበሉት።

ለፓኬጁ የሚሰጠው ጠንካራ መከራከሪያ የአእምሮ ዕረፍት ነው፤ ይህንን አቅልዬ አላየውም። የጎጃም እናት ይሉኝታ ትልቅ ነው። ልጇ በየብርጭቆው እንደሚከፍል ካወቀች «አልጠማኝም» እያለች ትውላለች፤ ማኪያቶ እያማራትም ተራውን ቡና ታነሣለች። ፓኬጅ ሲኖር «ተከፍሏል እኮ፣ እማዬ» ማለት ይቻላል። ይሁንና ለዚህ ሲባል የአልኮሉን ፓኬጅ መግዛት አያስፈልግም። ለስላሳን፣ ማኪያቶን፣ የታሸገ ውኃንና ጁስን ብቻ የያዘ ርካሽ ፓኬጅ በሮያል ካሪቢያንም ሆነ በሌሎች ይሸጣል። እርሱም ቢሆን መሰላት አለበት፤ ዋጋው በቀን 30 ዶላር ቢሆን፣ አንዲት እናት በቀን ሁለት ማኪያቶ በ5 ዶላር፣ ሁለት የታሸገ ውኃና አንድ ለስላሳ በ4 በ4 ዶላር ብትወስድ ድምሩ 22 ዶላር ስለሚሆን ፓኬጁ አሁንም ይበልጣል። እኔ የምመርጠው ከጉዞው በፊት በእናት ስም በመርከቡ ሒሳብ ላይ ገንዘብ ማስቀመጥን ነው። ድርጅቶቹ እንዲህ ያለውን በስጦታ መልክ ይቀበላሉ፤ «ይህ የእርስዎ ነው፣ ማኪያቶም ሆነ ሌላ ያሰኘዎትን ይግዙበት» ሲባሉ ከልጃቸው ኪስ እንደማይወጣ ስለሚያምኑ በነፃነት ያዝዛሉ፤ ያልጠጡበት ቀንም ገንዘብ አይባክንም።

አሁን ፓኬጁ ለማን እንደሚያዋጣ ማየት ይቻላል። የሚያዋጣው ቢራ ብቻ ለሚጠጣ ሳይሆን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ልዩ ልዩ ዓይነት ለሚቀላቅል ሰው ነው። ጠዋት አንድ ማኪያቶ በ5፣ በቀኑ ሁለት የታሸገ ውኃ በ8፣ አንድ ለስላሳ በ4፣ አንድ አልኮል የሌለው ኮክቴል በ9፣ እራት ላይ ሁለት ብርጭቆ ወይን በ26፣ ከእራት በኋላ ሁለት ኮክቴል በ28 ዶላር ቢወስድ፣ ድምሩ ልክ 80 ይሆናል። በማይጾምበት ወቅት፣ ወደብ ሳይነካ ብዙ ቀን ባሕር ላይ በሚውል ጉዞ፣ በየቀኑ እንዲህ የሚጠጣ ሰው ቢገዛ አይከስርም። በሮያል ካሪቢያን ፓኬጁ የሚሸፍነው እስከ 14 ዶላር ያለውን ብርጭቆ፣ በካርኒቫል እስከ 20 ዶላር ያለውን በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ ያለውን የሚወድ ሰው ተጨማሪ እንደሚከፍል ይወቅ።

ለመግዛት ከወሰኑ ከመሳፈርዎ በፊት ይግዙ፤ በመርከቡ ላይ ያለው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ይወደዳል። ሮያል ካሪቢያን ከመነሻው ቀን በፊት መሰረዝን ስለሚፈቅድ፣ ዋጋው ሲወርድ የቀደመውን ሰርዘው እንደገና መግዛት ይችላሉ። ላለመግዛት ከወሰኑ ደግሞ፣ ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫል እያንዳንዱ አዋቂ በመሳፈሪያው ቀን 750 ሚሊ ሊትር የሆነ አንድ የታሸገ ወይን ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳሉ፤ በካርኒቫል ለአንድ ሰው እስከ 12 ጣሳ ለስላሳም ይፈቀዳል። አረቄ ግን አይታሰብ፤ ከቤት የመጣ ምርጥ የጎጃም አረቄ እንኳ ቢሆን በፍተሻው ይያዛል።

በመርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፤ የክፍሉ ካርድ ሲሰጥ ሒሳቡ ይመዘገባል፤ ስለዚህ ለወላጆች ካርዱ ገንዘብ መሆኑን በግልጽ ያስረዷቸው። ፈርሙ ተብሎ የሚቀርበው ደረሰኝ ላይ የአገልግሎት ክፍያው ቀድሞ ተካትቶ ሳለ፣ ከሥር ለተጨማሪ ጉርሻ የተተወ ባዶ መስመር ሊኖር ይችላል፤ መሙላት ግዴታ አይደለም። ሒሳቡን በየምሽቱ በስልክዎ መተግበሪያ ወይም በእንግዳ መቀበያው ይመልከቱ፤ ያልታዘዘ መጠጥ ወይም ያልተገዛ ፓኬጅ ተመዝግቦ ከተገኘ፣ ሰልፉ ከሚረዝምበት ከመጨረሻው ጠዋት በፊት፣ በዚያው ምሽት እንዲስተካከል ያድርጉ።