ከዶርም ድልድል እስከ ፈተና አዳራሽ፦ በወሎ ግቢዎች ማንንም ሳይነጥሉ መሥራት

ስለ ብዝኃነት ስብሰባ ሲጠራ ወሎ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ንግግር ይታወቃል፦ «እኛ እኮ ድሮም ተፋቅረን የኖርን ነን፣ ሥልጠናው ምን ያደርግልናል?» ፍቅሩ እውነት ነው። ሠርግ የሚደግስ የወሎ ሰው ግን ፍቅርን ብቻ አምኖ አይደግስም። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ያሳርዳል፣ ድስትና ጭልፋ ይለያል፣ አስተናጋጆቹንም አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። የዩኒቨርሲቲ ግቢዎቻችን ውስጥ የሚጎድለው ይህ መሰናዶ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ መቅደላ አምባ፣ ሥራው የሬጅስትራሩ፣ የፕሮክተሩ (የዶርም ተቆጣጣሪው)፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊውና የመምህሩ ነው። የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ብቻውን አይወጣውም።

ዶርም

ተማሪ ከመግባቱ በፊት ያለው ትልቁ ሥራ ድልድሉ ነው። በፊደል ተራ ከተደለደለ አንዱ ክፍል መሐመድ ብቻ፣ ሌላው ገብሬ ብቻ ይሆናል፤ ስም ብዙ ጊዜ ሃይማኖትንና አካባቢን ይዞ ይመጣልና። በምዝገባ ተራ ሲሆን ደግሞ በአንድ አውቶቡስ የመጡ ያገር ልጆች አብረው ይገባሉ።

የሚሻለው በኤክሴል መሥራት ነው። መጀመሪያ ዊልቸር፣ ክራንች ወይም ነጭ በትር የሚጠቀሙ ተማሪዎች ተለይተው ምድር ወለል ላይ ይመደቡ። ለቀሩት በ«ራንድ» (RAND) ቀመር ለእያንዳንዱ ስም የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጥና ቁጥሩ ኮፒ ተደርጎ ያለ ቀመሩ፣ ቫልዩ ብቻ ሆኖ ፔስት ይደረግ፤ ይህ ከተረሳ ፋይሉ በተነካ ቁጥር ቁጥሮቹ ይቀያየራሉ። ከዚያ በቁጥሩ ሶርት አድርጎ በክፍሉ አልጋ ልክ፣ ለምሳሌ ስድስት ስድስት፣ መቁረጥ ነው። በመጨረሻ ዝርዝሩ በዓይን ይታይ፦ በአንድ ክፍል ከአንድ ዞን ከ2 በላይ አይሁኑ፤ ነገር ግን አንድም ልጅ ቋንቋውን የሚናገርለት አጥቶ ብቻውን አይቅር። ከሶማሌ ወይም ከጋምቤላ የመጣን ልጅ «እንዲቀላቀል» ብሎ ከአምስት አማርኛ ተናጋሪዎች ጋር ብቻውን ማስገባት ወር ሳይሞላ የዶርም ቅያሪ ማመልከቻ ያመጣል። ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢገቡ ይቆያሉ።

ድልድሉ ከተለጠፈ በኋላ ልውውጥ እንደልብ ከተፈቀደ ልፋቱ ሁሉ መና ነው። ልውውጥ በሕመም ወይም በደኅንነት ምክንያት ብቻ፣ በጽሑፍ ይሁን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ከቆላ የሚመጣ ልጅ ወፍራም ብርድ ልብስ እንዲይዝ የጥሪ ማስታወቂያው ላይ ይጻፍለት።

ክፍል

የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ይባላል። በተግባር ብዙ መምህር ስላይዱን በእንግሊዝኛ ያነብና ዋናውን ማብራሪያ፣ ቀልዱን፣ «ይቺ ፈተና ላይ ትመጣለች» የምትለዋን ሳይቀር በአማርኛ ይላል። አማርኛ የማይሰማው ተማሪ የሚያጣው ይህንኑ ነው፤ ውጤቱ ሲወርድም «ሰነፍ» ይባላል። ችግሩ ከሩቅ ለመጡት ብቻ አይደለም፤ ከከሚሴና ከሰቆጣ አካባቢ ከሚመጡት መካከልም አፋን ኦሮሞ ወይም ኽምጣንጋ አፉን የፈታ አለ።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማን አማርኛ እንደማይከታተል በቁራጭ ወረቀት ይጠየቅ። እጅ አውጡ ከተባለ ማንም አያወጣም። ከዚያ ወዲያ በአማርኛ የተባለ ቁም ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ ይደገም፣ የፈተና ቀንና ምዕራፍ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ቴሌግራም ግሩፑም ላይ በእንግሊዝኛ ይለቀቅ።

የቡድን ሥራ ቡድኖችን መምህሩ ያዋቅር። አንዲት ሴት ብቻ ያለችበት ቡድን ውስጥ ልጅቷ ጸሐፊ ሆና ትቀራለች፤ ስለዚህ ሴቶች ቢያንስ ሁለት ሁለት ይሁኑ፣ አቅራቢውም በየጊዜው ይቀያየር።

ጾም፣ ጁምዓ፣ ካፌ

የመንግሥት ቢሮ ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ይዘጋል፤ የትምህርት ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ 6 ሰዓት ላይ ላብራቶሪ ይጥላል። የጁምዓው ሰዓት ከመነሻው ባዶ ይደረግ። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ገብተዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ካፌው የሱሁር ሰዓትንና የጾም ወጥን አብሮ ማሰብ አለበት፣ የማታ ኩይዝም ከማፍጠሪያ ሰዓት ይራቅ። ሥጋ በሚቀርብበት ቀን ድስት፣ ጭልፋና ወረፋ ይለዩ፤ መቀመጫው ግን አንድ ይሁን። ምልክቱም አማርኛ ለማያነብ የሚገባ ይሁን።

ፈተናና አካል ጉዳት

ለዓይነ ስውር ተማሪ የሚያነብለት ሰው ትምህርቱን የሚያውቅ፣ ግን ያንኑ ኮርስ የማይወስድ ይሁን። ኬሚስትሪን የማያውቅ አንባቢ ቀመሩን አበላሽቶ ያነብና ተማሪው ባልሠራው ስህተት ነጥብ ያጣል። ለ2 ሰዓት ፈተና 3 ሰዓት መስጠት ጥሩ መነሻ ነው። የደሴ ዳገትና የክረምት ጭቃ በክራንች ለሚሄድ አስቸጋሪ ስለሆነ የክፍል ምደባው ፕሮግራም ከመለጠፉ በፊት ይስተካከል።

ትንኮሳ

አቤቱታ መቀበያው ቢያንስ ሁለት ቦታ ይሁን፣ አንዱ ላይ ሴት ትኑር። ፕሮክተር ቢሮ ፊት ለፊት የተሰቀለ ሣጥን ውስጥ ማንም ወረቀት አይከትም። አመልካቿ ታሪኳን አንድ ጊዜ ትናገር፣ ይጻፍ፣ ትፈርም፤ ለእያንዳንዱ ኃላፊ እንደገና አታስረዳ። የተከሰሰው መምህር ከሆነ የፈተና ወረቀቷን ሌላ መምህር ያርም። ይህ በዚያው ሳምንት ካልተደረገ ጉዳዩ በውጤት ማስፈራሪያ ይዘጋል። በወሎ የታወቀው የአበጋር ሽምግልና ለተማሪዎች ጸብ ይረዳል፤ ለትንኮሳ ግን አይሆንም። እርቁ በሽማግሌ ፊት ሲጸና ልጅቷ እምቢ ማለት ያቅታታል።

ሠራተኛ

የቅጥር ፈተና በስም ሳይሆን በኮድ ይታረም። ቃለ መጠይቁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይኑረው፣ እያንዳንዱ ፈታኝም ሳይመካከር ነጥቡን ጽፎ ያስረክብ፤ ከተነጋገሩ በኋላ ከሆነ ሁሉም የሊቀመንበሩን ነጥብ ይጽፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን ያውቃል፤ የሚሰጠው ተጨማሪ ነጥብ ስንት እንደሆነ ማስታወቂያው ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። ያሉትን ሁለት ሴት መምህራን የኮሚቴ ሁሉ አባል ማድረግ ደግሞ ሌላ በደል ነው፣ ምርምር የሚሠሩበትን ጊዜ ይበላል። የኮሚቴው ሰዓት ከማስተማር ጫናቸው ይቀነስ።

በየሴሚስተሩ መጨረሻ ሬጅስትራሩ የገቡትን ብቻ ሳይሆን የተሰናበቱትን ይቁጠር፦ በፆታ፣ በክልል፣ በአካል ጉዳት። ከ60 ሴቶች 15ቱ ከተሰናበቱ 25 በመቶ ነው፤ የወንዶቹ 10 በመቶ ከሆነ የትኛው ኮርስ ላይ እንደወደቁ ይፈለግ። ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ነው፣ ማጠናከሪያ ትምህርቱም እዚያው ላይ ይመደብ።