ደብረ ብርሃን ላይ በእግር ወደ ሥራ ለምትሄዱ

ጠዋት ባጃጅ ስትጠብቁ ቆማችሁ ከምትንቀጠቀጡ በእግር ሞክሩት። ዋናው ዘዴ አለባበስ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ውርጭ ጆሮ ይቆርጣል። ቢሆንም አንድ ወፍራም ጃኬት አትልበሱ። ዳገት ላይ ላብ ያጠምቃችኋል፣ ቢሮ ስትቀመጡ ደግሞ ላቡ ይበርድባችኋል። ሁለት ስስ ሹራብ ደርቡ፤ ሲሞቃችሁ አንዱን አውልቁ። ኮፍያ ግን የግድ ነው። የቢሮ ጫማችሁን በፌስታል ያዙ፣ በስኒከር ሂዱ። በሳይክል ከሆነ ጓንት አትርሱ። እኔ አንዴ ጣቴ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ አቅቶኝ ቦይ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ሳቁብኝ እንጂ አልተጎዳሁም።

የበሬሳ ወንዝ አጠገብ ስደርስ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ይሆናል። ፀሐይ ሲነካው ቀስ እያለ ይጨሳል። ይህን ከባጃጅ ሸራ ውስጥ ሆኖ ማን ያየዋል?